ስሌጅ፦ የሚመታው፣ የሚጎተተውና የሚያሄደው

ጥር ሲገባ ምርቱ ከአውድማ ተነሥቶ ጎተራ ይገባና አርሶ አደሩ ዶማውን፣ አካፋውንና ዲጂኖውን ይዞ ለተፋሰስ ሥራ ወደ ተራራ ይወጣል። ከዚያ በፊት ግን በወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት አንድ ወረቀት ይዘጋጃል፤ ለዘመቻው የሚያስፈልጉ መሣሪያዎች ዝርዝር። በዚህ ዝርዝር ላይ ከእንግሊዝኛ ሰነድ እንዳለ የተገለበጠ «ስሌጅ፣ ብዛት 20» የሚል መሥመር ቢገባ፣ ወረቀቱ የሚደርሳቸው ሰዎች ሦስት የተለያዩ ዕቃዎችን ሊያስቡ ይችላሉ። የግዥ ሠራተኛው ትልቅ መዶሻ ይገዛል። ስለ ደቡባዊ አፍሪካ ግብርና ያነበበ ባለሙያ በበሬ የሚጎተት ጎማ የሌለው መጫኛ ይጠብቃል። የድኅረ ምርት ባለሙያው ደግሞ በአውድማ ላይ እህል የሚያሄድ ባለ ጥርስ ጣውላ ይታየዋል። ከሦስቱ የተሳሳተ የለም። ስሌጅ ሦስቱንም ነው።

ነገሩ የቃላት ጨዋታ እንዳይመስል፣ ሦስቱ ዕቃዎች በገበሬው ማሳ ላይ የሚሠሩት ሥራ ፍጹም የተለያየ ነው። አንዱ ድንጋይ ይሰብራል። ሌላው ሸክም ያንቀሳቅሳል፤ አያያዙን ካላወቁበት ደግሞ መሬት ይሰነጥቃል። ሦስተኛው እህልን ከገለባ ይለያል። የተሳሳተው ቢገዛ ገንዘቡ ይባክናል፤ ትክክለኛው ተገዝቶ አጠቃቀሙ ካልታወቀ ደግሞ ጥፋቱ ከገንዘብ ያልፋል።

በመጀመሪያ የቃሉን ሥር ማየት ይጠቅማል። በእንግሊዝኛ ስሌጅ አንድ ቃል ሳይሆን መልካቸው የተመሳሰለ ሁለት ቃላት ነው። አንደኛው ጥንታዊ የእንግሊዝኛ ቃል ሲሆን ዝምድናው መምታት ከሚለው ግስ ጋር ነው፤ ትርጉሙም ከባድ መዶሻ ነው። ዛሬ «ስሌጅ ሃመር» ሲባል የምንሰማው ሁለተኛው ቃል ለማብራሪያ የተጨመረ እንጂ፣ ስሌጅ ብቻውንም መዶሻ ነበር። ሌላኛው ስሌጅ ከደች ቋንቋ የገባ ሲሆን መንሸራተትን ከሚያመለክቱ ቃላት ወገን ነው። በብሪታንያ ስሌጅ የሚባለውን አሜሪካውያን «ስሌድ» ይሉታል፤ በፈረስ የሚጎተተውን የበረዶ መንሸራተቻ ደግሞ ከዚያው ከደች በተወሰደ ቃል «ስሌይ» ብለው ይጠሩታል። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ የሰፈሩት የደች ዝርያዎች ቃሉን ይዘውት ሄዱና የኮሳ ሕዝብ በበሬ የሚጎትተውን መጫኛ «ኢሲሌይ» አለው። በክሪኬት ሜዳ ላይ ተጋጣሚን በነገር መውጋትም «ስሌጂንግ» ይባላል፤ እሱን ለአውስትራሊያውያን መተው ነው።

የሚመታው

ስለ መዶሻው ብዙ ማለት አያስፈልግም፤ ገበሬው ያውቀዋል። የድንጋይ እርከን በሚሠራበት ተዳፋት ላይ ዲጂኖ ድንጋዩን ከመሬት ይነቅላል፤ ሁለት ሰው በባሬላ ሊያነሣው የማይችለውን ደግሞ መዶሻ ይሰብረዋል። እዚህ ላይ ጽሕፈት ቤቶች ልብ ሊሉት የሚገባው ክብደቱን ነው። ባለ 3 ኪሎና ባለ 8 ኪሎ መዶሻ ሁለቱም በእንግሊዝኛው ስሌጅ ሊባሉ ይችላሉ፤ ቀኑን ሙሉ ለሚሠራ ሰው ግን በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የጀርባ ጉዳይ ነው። እጀታው እንደ ወይራ ካለ ጠንካራ እንጨት ይሁን፤ ራሱ እንዳይወልቅ ሽብልቅ ይመታበት። ከፊት ለፊት ሰው አይቁም፤ የሚመታውም ዓይኑን ይከልል፤ ከድንጋይ የሚፈናጠር ስባሪ ዓይን ያጠፋል። ደግሞም ትልቁ ድንጋይ ሁሉ መሰበር የለበትም። እርከን የሚቆመው ከሥር በተቀመጠው ትልቅ ድንጋይ ነው፤ ሁሉንም አድቅቆ የሚደረድር የሥራ ቡድን በጉልበቱ እርከኑን እያደከመ ነው።

የሚጎተተው

ጎማ ሳይኖር ሸክምን በመሬት ላይ መጎተት ከጋሪ በፊት የነበረ ዘዴ ነው። በላይኛው ግብፅ ዴይር ኤል በርሻ በተባለ ስፍራ በሚገኘው የጀሁቲሆቴፕ መቃብር ውስጥ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1900 ገደማ የተሣለ ሥዕል አለ። በሥዕሉ ላይ እጅግ ግዙፍ ሐውልት በእንጨት መጎተቻ ላይ ተጭኖ ብዙ ሰዎች በገመድ ይስቡታል፤ ከመጎተቻው አፍንጫ ላይ አንድ ሰው ቆሞ ከፊቱ መሬቱ ላይ ውኃ ያፈስሳል። ይህ ውኃ ለረጅም ጊዜ እንደ ሥርዓተ አምልኮ ይታይ ነበር። በ2014 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) የአምስተርዳም ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ ተመራማሪዎች በአሸዋ ላይ ሞክረው ያሳዩት ግን ልከኛ እርጥበት ያለው አሸዋ ለመጎተት የሚጠይቀው ኃይል የደረቁን ግማሽ ያህል መሆኑን ነው። ደረቅ አሸዋ ከመጎተቻው ፊት እየተከመረ ያግዳል፤ እርጥቡ ይጠነክርና ያንሸራትታል። ውኃው ከልክ ሲያልፍ ግን ጥቅሙ ይጠፋል።

ይህ ለእኛ አገር ገበሬ የሚነግረው ነገር አለ። የአሸዋው ብልኃት ለዋልካ መሬት አይሠራም። ጥቁር አፈር ሲረጥብ ይጣበቃል፤ መጎተቻውን ያንሸራትተዋል ተብሎ የታሰበው ጭቃ ከሥሩ ተለጥፎ ሸክሙን ይጨምራል። ስለዚህ በመረሬና በዋልካ አካባቢ የሚጎተት መጫኛ የበጋ ዕቃ ነው።

በዛምቢያ፣ በዚምባብዌና በደቡብ አፍሪካ ገጠሮች የሚሠራበት ስሌጅ ለመሥራት ቀላል ነው። ባላ የሆነ ግንድ ይቆረጣል፤ የባላው አፍ ወደ ኋላ ይሆንና በሁለቱ ቅርንጫፎች ላይ አግዳሚ እንጨት ይደረደራል፤ ከፊት ባለው ጫፍ ሰንሰለት ወይም ጠፍር ታስሮ ከቀንበር ጋር ይያያዛል። ብረት፣ ጎማ፣ ኩሽኔታ አይጠይቅም። ሲሰበር እዚያው ይጠገናል። ከመሬት ብዙ ከፍ ስለማይል ከባድ ድንጋይን ማንሣት ሳያስፈልግ እያንከባለሉ ይጭኑበታል። ቁልቁለት ላይ ደግሞ ፍሬን የሌለው ጋሪ በሬውን ከኋላ ሲገፋው፣ መጎተቻው ግን ራሱን በራሱ ይዞ ይቀራል። ለተዳፋት መሬት እነዚህ ትንሽ ጥቅሞች አይደሉም።

ዋጋው ግን በበሬው ትከሻ ላይ ነው የሚከፈለው። አንድ ጥማድ በሬ በድምሩ 600 ኪሎ ይመዝናል እንበል። በሬ ለሰዓታት ሳይጎዳ የሚስበው ኃይል በግምት የክብደቱ አንድ አሥረኛ ነው፤ ስለዚህ ጥማዱ ወደ 60 ኪሎ የሚጠጋ የመሳብ አቅም አለው ማለት ነው። በደረቅ መሬት ላይ እንጨት ሲጎተት መሬቱ የሸክሙን ክብደት ግማሽ ያህል እየያዘ ያስቀራል። ስለዚህ ጥማዱ በሜዳ ላይ ሊስብ የሚችለው መጎተቻውን ጨምሮ 120 ኪሎ ገደማ ነው። መጎተቻው ራሱ 40 ኪሎ ቢመዝን ለሸክሙ የሚተርፈው 80 ኪሎ ነው፤ አንድ ኩንታል እንኳ አይሞላም። ሁለት አህዮች ያለ ጣጣ ይሸከሙታል። በደልዳላ መንገድ ላይ ግን ያው ጥማድ በጋሪ የዚህን ብዙ እጥፍ ያንቀሳቅሳል። ሒሳቡ እንደ አፈሩ፣ እንደ ዳገቱና እንደ በሬው ሥጋ ከፍም ዝቅም ይላል፤ አቅጣጫው ግን አይለወጥም። በጥር የሚጎትት በሬ በግንቦት ማረስ እንዳለበትም መርሳት አይገባም።

ከበሬው ትከሻ የሚብሰው መሬቱ ላይ የሚቀረው ጠባሳ ነው። መጎተቻው በሁለት እግሩ ሁለት መሥመር ይፍቃል። ሣሩ ይገፈፋል፤ የላይኛው አፈር ይላላል። ሰውም በሬም ያወቁትን መንገድ ስለሚወዱ በሚቀጥለው ቀንም በዚያው ላይ ይጎተታል። መሥመሩ ከላይ ወደ ታች የወረደ ከሆነ የሰኔ ዝናብ ሲመጣ ውኃው የተዘጋጀ ቦይ ያገኛል። ሁለት ሦስት ክረምት ሲያልፍ ቦዩ ቦረቦር ይሆናል። በቅኝ ግዛት ዘመን በደቡባዊ አፍሪካ የነበሩ አስተዳደሮች በተለያዩ ቦታዎች ስሌጅን የሚከለክሉ ደንቦች ያወጡት በዚህ ምክንያት ነው። ክልከላው ጋሪ መግዛት የማይችለውን ድሀ ገበሬ ነበር የሚጎዳው፤ በአንድ በኩል ፍርደ ገምድል ነው። መሬቱ መቦርቦሩ ግን እውነት ነበር።

እንግዲህ ለእርከን ድንጋይ ማጓጓዣ ተብሎ የመጣ መጎተቻ እርከኑ ሊያስቀረው የታሰበውን ቦረቦር ራሱ ሊከፍት ይችላል። ይህን የሚያስቀረው አሠራር ውስብስብ አይደለም። ድንጋዩ በኮረብታው ጎን አግድም እየተጎተተ እንጂ ከላይ ወደ ታች እየወረደ አይምጣ። ከላይ መውረድ የግድ ከሆነ በየጊዜው መንገድ ይለወጥ። የተፋቀው መሥመር ሥራው ሲያልቅ በየጥቂት እርምጃው አግድም ድንጋይ ይደርደርበት፤ ውኃው ፍጥነት ከማግኘቱ በፊት ወደ ጎን ይውጣ። ሩቅ ላለ ድንጋይ መጎተቻ አይታሰብ፤ ለዚያ ባሬላና አህያ አለ።

መጎተት ለገበሬያችን እንግዳ ነገር ነው ማለት ግን አይደለም። ጤፍ ከተዘራ በኋላ ዘሩን በስሱ አፈር ለማልበስ በማሳው ላይ የዛፍ ቅርንጫፍ የሚያስጎትት አርሶ አደር አለ። ያ ቅርንጫፍ ከስሌጅ ወገን ነው፤ ቀላል ስለሆነ ይዳስሳል እንጂ አይፍቅም። ለጤፍ ዘር የሚፈለገውም ይኸው ነው፤ ጥልቅ ከገባ አይበቅልምና።

የሚያሄደው

ሦስተኛው ስሌጅ አውድማ ላይ ነው ያለው፤ ስሙም ከሁሉ ይልቅ ለእኛ ቋንቋ የሚቀርብ ነው። በግእዝ «ኬደ» ማለት ረገጠ፣ እህል አበራየ ማለት ነው። የአማርኛው «ሄደ» ከዚሁ ሥር የወጣ ነው፤ በእግር መርገጥና መሄድ አንድ ናቸውና። በሬ በአውድማ ላይ እየዞረ እህሉን ሲረግጥ «ማሄድ» ወይም «ማበራየት» እንላለን። ስለዚህ ለዚህኛው ስሌጅ «ማሄጃ» ብንለው አንድም ገበሬ ትርጉሙን አይጠይቅም።

ማሄጃው ጥንታዊ ነው። በትንቢተ ኢሳይያስ ምዕራፍ 41 ተራሮችን ስለሚያደቅቅ ባለ ጥርስ አዲስ መሣሪያ የተነገረው ስለዚሁ ዕቃ ነው፤ በዕብራይስጥ «ሞራግ» ይባላል። በሁለተኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 24 ደግሞ ዳዊት አውድማ ሊገዛ ሲመጣ ባለቤቱ በሬዎቹን ለመሥዋዕት፣ የማሄጃውን ዕቃ ለማገዶ እንስጥህ ይለዋል፤ ከእንጨት የተሠራ ለመሆኑ ምስክር ነው። ሮማዊው ጸሐፊ ቫሮ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ37 ገደማ በጻፈው የግብርና መጽሐፍ ከሥሩ ድንጋይ ወይም ብረት የተሰካበት፣ ነጂው ወይም ሌላ ከባድ ነገር የሚጫንበት ጣውላ አድርጎ ይገልጸዋል። ግብፃውያን ከጣውላው ፋንታ በእንጨት አልጋ ሥር የሚሽከረከሩ የብረት ዝርግ ጎማዎች ያሉትን «ኖረግ» ሠሩ። ቱርኮች የጣውላውን «ዶቨን» ይሉታል።

በስፔን ሴጎቪያ አውራጃ የምትገኘው ካንታሌሆ ከተማ በዚህ ሥራ ትታወቅ ነበር። የከተማዋ ባለ እጆች ወፍራም ጣውላዎች አጋጥመው ፊቱን እንደ መርከብ አፍንጫ ቀና ያደርጉታል፤ ከሥር በመቶዎች የሚቆጠሩ ጉድጓዶች ይበሱና በእያንዳንዱ ስለታም ባልጩት ይሰኩበታል። ከዚያም ተጓዥ ሆነው በመላ አገሪቱ እየዞሩ ይሸጣሉ፣ ያረጀውን ይጠግናሉ። እነዚህ ሰዎች «ጋሴሪያ» የሚባል የራሳቸው የሙያ ቋንቋ ነበራቸው፤ ገበያ ላይ እርስ በርስ ሲነጋገሩ ገዥው እንዳይሰማቸው። ቋንቋን ከገበሬው መደበቅ እዚያ የንግድ ብልኃት ነበር። በእኛ አገር ግን ሳይታሰብ፣ ያለ ትርፍ፣ የውጭ ቃል እንዳለ በሰነድ ሲገለበጥ ይደረጋል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ነዶው በአውድማ ላይ ይበተናል፤ አንድ ወይም ሁለት እንስሳ ማሄጃውን እየጎተቱ ይዞራሉ፤ ነጂው ጣውላው ላይ ቆሞ ወይም ተቀምጦ ክብደት ይሆናል። ባልጩቱ ዛላውን እየቦጨቀ ፍሬውን ያወጣል፤ አገዳውንም ይከትፋል። ስለዚህ ከአውድማው ሁለት ነገር ይነሣል፦ እህልና የተከተፈ ጭድ። እንስሳት ረጅሙን አገዳ ትተው ቅጠሉን እየመረጡ ከሚያባክኑት ገለባ ይልቅ የተከተፈው ይሻላል። አምስትና ስድስት በሬ አውድማ ላይ ከማዞር ሁለት ማዞር ሲቻል እህሉ ላይ የሚወርደው እበትና ሽንትም ያንሳል።

ታዲያ ይህ ለእኛ ይበጃል? መልሱ እንደ ሰብሉ ይለያያል። ማሄጃው የተወለደውና ያደገው በስንዴና በገብስ አገር ነው፤ ለእነዚህ ሰብሎች ሥራውን በሺህ በሚቆጠሩ ዓመታት አስመስክሯል። ለጤፍ ግን ነገሩ ሌላ ነው። የጤፍ ችግር ፍሬው ከዛላው አልለቅ ማለቱ ሳይሆን፣ ከለቀቀ በኋላ ደቃቅ በመሆኑ ከአፈርና ከአሸዋ ጋር መቀላቀሉ ነው። ለዚህ የሚሻለው በእበት በደንብ የተለቀለቀ አውድማ ወይም ከሥር የተነጠፈ ሸራ ነው። ባለ ባልጩት ጣውላ ሸራ ላይ አይነዳም፤ የተለቀለቀውንም ይፍቀዋል። ከጣውላው የሚወልቅ የባልጩት ስባሪ ጭዱ ውስጥ ቀርቶ ከብት ሊጎዳ እንደሚችልም ይታሰብ። ባቄላና ሽምብራ ደግሞ በዱላ ሲወቁ የኖሩት ፍሬያቸው እንዳይሰነጠቅ ነው፤ ለዘር የሚቀመጠው በተለይ ከጥርስ መራቅ አለበት።

ማሄጃው እንደ አዲስ ቴክኖሎጂ ቢቀርብ ሌላም መታወቅ ያለበት ነገር አለ። በስፔንም በቱርክም ይህ ዕቃ ዛሬ የሚታየው በአብዛኛው በሙዚየም ውስጥ ወይም በምግብ ቤት ግድግዳ ላይ ለጌጥ ተሰቅሎ ነው። ኮምባይነርና የመውቂያ ማሽን ተክተውታል። መኪና በሚደርስበት የስንዴ ቀበሌ፣ አርሶ አደሮች ተደራጅተው በጋራ የሚጠቀሙበት ወይም የሚከራዩት የመውቂያ ማሽን ከማሄጃው በብዙ ይበልጣል። መንገድ በማይደርስበት ደጋ፣ ገብስ በበዛበትና በሬ ባነሰበት ቦታ ግን ጣውላውን የአካባቢው አናጢ ሠርቶ በአንድ አውድማ ላይ ቢሞከር የሚጠፋው ትንሽ እንጨት ነው።

ከስሌጅ ጋር የሚምታቱ

ቃሉን የበለጠ የሚያወሳስቡት በድምፅ የሚቀራረቡት ሌሎች የእንግሊዝኛ ቃላት ናቸው። «ሳይሌጅ» ከአየር ተከልክሎ የሚብላላ እርጥብ መኖ ነው፤ ገፈራ ይባላል። «ስለጅ» ከቆሻሻ ውኃ ሥር የሚቀር ዝቃጭ ነው። «ስለሪ» ደግሞ ከባዮ ጋዝ ጉድጓድ የሚወጣው ቀጭን ተረፈ ምርት ሲሆን ለማሳ ማዳበሪያ ይሆናል። በስብሰባ ላይ በፍጥነት ሲነገሩ አራቱን የሚለይ ጆሮ ጥቂት ነው። ዝቃጭና የባዮ ጋዝ ተረፈ ምርት መምታታታቸው በተለይ አደገኛ ነው፤ የከተማ ፍሳሽ ዝቃጭ በሽታ አምጪ ተሕዋስያንና ከባድ ብረቶች ሊይዝ ስለሚችል ሳይመረመርና ሳይታከም ጎመን ማሳ ላይ አይደፋም።

የውጭ ቃል ሁሉ ይወገድ ማለት አይደለም። «ቢቢኤም» ከእነ እንግሊዝኛ ምሕጻሩ ገብቶ በጥቁር አፈር አካባቢ ተለምዷል፤ ዕቃው ከስሙ ጋር አብሮ ስለመጣና ገበሬው በእጁ ስለያዘው ነው። ዲጂኖም ባሬላም የውጭ ቃል ናቸው። ስሌጅ ግን ዕቃው ሳይታይ ስሙ ብቻ ከወረቀት ወደ ወረቀት ሲተላለፍ ነው ችግር የሚሆነው፤ ያውም ለሦስት ዕቃ አንድ ስም።

በዘንድሮው ዝርዝር ላይ የሚፈለገው ድንጋይ መስበሪያ ከሆነ «ባለ 5 ኪሎ መዶሻ ከእጀታው ጋር» ብሎ መጻፍ ለግዥ ሠራተኛውም ለአቅራቢውም ይበቃል። የሚፈለገው የሚጎተተው ከሆነ «በበሬ የሚጎተት የድንጋይ መጫኛ» ይባል፤ ከጎኑም ርዝመቱ፣ ስፋቱና ለስንት ኪሎ እንደታሰበ ይጻፍ። የአውድማው ከሆነ «ባለ ጥርስ ማሄጃ» ተብሎ ለየትኛው ሰብል መሆኑ ይገለጽ። መጫኛው በደረሰበት ቀበሌ ደግሞ የልማት ጣቢያ ሠራተኛው ሥራው ከመጀመሩ በፊት ከአርሶ አደሮቹ ጋር በኮረብታው ጎን ዞሮ የሚጎተትበትን መሥመር በችካል ምልክት ያድርግበት፤ ግንቦት ሳያልቅም ተመልሶ እያንዳንዱ መሥመር በድንጋይ መዘጋቱን ይይ።